የግንቦት ሰማይና የደብራችን ክዳን

ሰው ከወዳጁ ጋራ በመንገድ ሲገናኝ ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ የሚያነሣው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሰማይ ነገር ነው። ነገር ግን ልብ ብለን ብንመለከት በሁሉም ወራት እኩል አንነጋገርበትም። በሐምሌ ስለ ዝናም የሚከራከር የለም፤ እንደሚዘንም የታወቀ ነውና። በጥርም ስለ ፀሓይ የሚጠይቅ የለም፤ ማለዳው ቢበርድም ቀኑ ብራ እንደሚሆን ሕፃን እንኳ ያውቃልና። ብዙ የምንጠይቀውና ብዙ የምንሳሳተው ሰማዩ ጧት የተናገረውን ማታ በማይጠብቅበት ወራት ነው። በእኛ አገር፥ ይልቁንም በሰሜን ሸዋ ደጋ፥ ይህ ወራት ግንቦት ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ወራት ጠባይ፥ ስለ አየር ትንበያም ጥቅምና ወሰን ነው። ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርሁትም፤ በራሴ ስሕተት ተምሬዋለሁና ስሕተቴን ሳልደብቅ እናገራለሁ።

አስቀድሞ ስለ ወራቱ ስም ጥቂት ልበል። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን መፀው፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ቀን ሐጋይ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ቀን ጸደይ፥ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ክረምት ይባላል። ዛሬ በከተማ ብዙ ሰው የዐደይ አበባን አይቶ የመስከረምንና የጥቅምትን ወራት ጸደይ ይለዋል፤ በሊቃውንቱ አቈጣጠር ግን ጸደይ ከክረምት በፊት ያለው፥ ገበሬው በልግ የሚለው ዘመን ነው። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ዓመቱን በሦስት ይከፍለዋል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፥ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፥ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ነው። በሊቃውንቱም ቢቈጠር በመሥሪያ ቤቱም ቢቈጠር የግንቦት መጨረሻ በደጃፍ ላይ የቆመ ጊዜ ነው፤ አንድ እግሩ ከውስጥ፥ አንድ እግሩ ከውጭ ነው።

ጠባዩ የሚለዋወጥበትም ምክንያት አለው። በበልግ ወራት ወደ ምሥራቁ ደጋችን የሚደርሰው እርጥበት የሚመጣው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዐረብ ባሕር በኩል ነው። ይህ እርጥብ ነፋስ ከሜዲትራንያን ባሕር በኩል ወደ ምሥራቅ ከሚያልፈው ቀዝቃዛ የላይኛው አየር ጋራ ሲገናኝ ይዘንማል፤ ሳይገናኙ ሲቀሩ ሰማዩ ደርቆ ይሰነብታል። ፀሓይም ወደ ሰሜን እያዘነበለች ስትሄድ የሰሜንና የደቡብ ነፋሳት የሚገናኙበት የዝናም መቀነት አብሯት ወደ ሰሜን ይወጣል፤ በሰኔም ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ በርትቶ ክረምቱን ያገባል። ግንቦት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ አሮጌው ነፋስ ደክሟል፥ አዲሱም ገና አልጸናም። ስለዚህ በወሎና በሰሜን ሸዋ ምሥራቃዊ ደጋ፥ በበልግ ዝናምና በክረምት ዝናም መካከል፥ የደረቀ ጊዜ ጣልቃ መግባቱ የተለመደ ነው። ነገር ግን ምድሪቱ በፀሓይ ግላ፥ የላይኛውም አየር ቀዝቅዞ ሳለ፥ ጥቂት እርጥበት ከቆላ የወጣ እንደ ሆነ በረዶና ነጐድጓድ ያለበት ዝናም በአንድ ሰዓት ውስጥ ተሠርቶ ይወርዳል። ይህም ዝናም አንዱን ቀበሌ አጥለቅልቆ ማዶውን ሳይነካው ያልፋል።

የእኛ ደብር የምትገኘው ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር በሚወስደው አውራ ጐዳና አጠገብ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት፥ ስሟንም ከሰማይ ያገኘች ከተማ ናት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚያ ሰፍረው ሳሉ በሰማይ ላይ ብርሃን ስለ ታየ ቤተ ክርስቲያን አሠሩበት፥ ስፍራውንም ደብረ ብርሃን አሉት። ያ ብርሃን በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሊቃውንት አሉ። እንግዲህ በዚህ አገር ሰማይን አይቶ ነገር መፍረድ የቈየ ልማድ ነው። ከከተማይቱ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ደጋው በድንገት ይቈረጣል፤ ከታች ደብረ ሲና፥ ከዚያም ዝቅ ብሎ የሸዋ ሮቢት ቆላ አለ። ከጣርማ በር አፋፍ እስከዚያ ቆላ ድረስ ቁልቁለቱ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። አየር አንድ ሺህ ሜትር ወደ ላይ በወጣ ቍጥር በአማካይ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛልና፥ የቆላው እርጥብ ነፋስ ገደሉን ሲወጣ ጉምና ደመና ይሆናል። ይህን ለተማሪዎች ብዙ ዓመት ሳስተምረው ኖሬያለሁ፤ በጊዜው ግን አላሰብሁትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የደብራችን ክዳን አረጀ። ቆርቆሮው ዝጎ፥ እንጨቱም በነቀዝ ተበልቶ ነበረ። ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ክዳኑ በሙሉ ተነሥቶ በአዲስ እንዲተካ ወሰነ። እኔ የጉባኤው ጸሓፊ ነበርሁ፤ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው በመሆኔም የሥራውን ጊዜ የመምረጥ አደራ ለእኔ ተሰጠ። ግንቦት 21 ቀን የደብረ ምጥማቅ በዓል ሕዝብ የሚሰበሰብበት ስለ ሆነ ከዚያ በፊት ክዳኑን መንካት አልተቻለም። ከሰኔ 21 ቀን በፊት ደግሞ ሥራው ማለቅ ነበረበት፤ ይህ ቀን የሕንጸተ ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ፥ የእመቤታችን ቅዳሴ ቤት የሚከበርበት ነውና፥ ቤቷን ሳንከድን ቅዳሴ ቤቷን ማክበር ነውር መስሎ ታየን። ከዚያም በኋላ ክረምቱ አይታገሥም። በእጃችን ያለው ጊዜ አንድ ወር ብቻ ነበረ።

እኔም የወቅቱን ትንበያ ይዤ ወደ ጉባኤው መጣሁ። ትንበያ እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልግለጽ። የአገራችን የአየር ጠባይ አገልግሎት ቀድሞ በሲቪል አቪዬሽን ሥር የነበረ ሲሆን በ1973 ዓ.ም. በዐዋጅ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮዎሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። ከዚህም ሌላ የአፍሪካ ቀንድ አገሮች የአየር ጠባይ ሊቃውንት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1998 ጀምሮ፥ በየዝናሙ ወቅት መግቢያ እየተሰበሰቡ ለአካባቢው ሁሉ የጋራ ትንበያ ያወጣሉ። የሠላሳ ዓመት ያህል የዝናም መዝገብ ይወስዱና ከትንሹ እስከ ትልቁ ደርድረው በሦስት ይከፍሉታል፤ ዝቅተኛው ሲሶ ከመደበኛ በታች፥ መካከለኛው መደበኛ፥ ከፍተኛው ከመደበኛ በላይ ይባላል። ስለ መጪው ወቅት ምንም ፍንጭ የሌለው ሰው ለሦስቱ እኩል ዕድል፥ ይኸውም ለእያንዳንዱ ከመቶ 33 ያህል ይሰጣል። ሊቃውንቱ ግን የውቅያኖሱን ሙቀትና የነፋሱን አካሄድ መርምረው አንዱን ከፍ፥ ሌላውን ዝቅ ያደርጋሉ። የዚያ ዓመት የበልግ ትንበያ ለእኛ አካባቢ ከመደበኛ በታች ለሆነው ዝናም ከመቶ 45፥ ለመደበኛው 35፥ ከመደበኛ በላይ ለሆነው 20 ሰጥቶ ነበረ። በልጉም እስከ ግንቦት እኩሌታ ሳስቶ ስለ ሰነበተ፥ ነገሩ ሁሉ በዐይኔ ፊት የተፈጸመ መሰለኝ።

በሥራው የግምት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነበረ፤ ለመሸፈኛ የሚሆን ትልቅ ሸራ ኪራይ ይላል። ገንዘቡ ከምእመናን ጥቂት በጥቂት የተሰበሰበ፥ ከባልቴት መቀነት ሳይቀር የተፈታ ነበርና እያንዳንዱን መስመር እመረምር ነበረ። ይህን መስመር በቀይ ቀለም ሰረዝሁት።

በጉባኤው መካከል ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የሚጠጋ የደብራችን መሪጌታ ተቀምጠው ነበር። ወረቀቱ ሲነበብ ሰምተው፥

«መምህር፥ ደመና ከላይ ሲመጣ ሰው አይቶት ይዘጋጃል። ከቆላ ሲወጣ ግን ከእግር በታች ነውና አስቀድሞ አይታይም። በግንቦት ከገደሉ አፍ ጉም ሲነሣ ካዩ ከቀትር በኋላ ሰማዩን አይመኑት። ሸራው ይኑር» አሉኝ።

እኔም፥ «መሪጌታ፥ እርስዎ የሚናገሩት የአንድ ቀን ምልክት ነው። ይህ ወረቀት ግን የብዙ አገር ሊቃውንት በመሣሪያ መርምረው የጻፉት ነው። ዘንድሮ ዝናሙ ከመደበኛ በታች ነው» ብዬ መለስሁላቸው።

አንባቢ ልብ ይበል፤ ሊሆን ይችላል አላልሁም፥ ነው አልሁ። ከጉባኤው አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። መሪጌታም «እንግዲያስ እንደ ጉባኤው ፈቃድ ይሁን» ብለው ዝም አሉ።

ግንቦት 22 ቀን ታቦቱ በሥርዐቱ ወደ መቃኞው ተዛወረ፤ ንዋየ ቅድሳቱም አብሮ ሄደ። መቃኞው ጠባብ ስለ ሆነ መጻሕፍቱ በሁለት የእንጨት ሣጥን ተደርገው በቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ በስተ ሰሜን ማዕዘን እንዲቀመጡ እኔ አዘዝሁ። «ለጥቂት ቀን ነው» አልሁ። በ23 ቆርቆሮው ወረደ። በ24 ጧት ሰማዩ እንደ መስተዋት የጠራ ነበረ፤ አናጢዎቹም ደስ ብሏቸው አሮጌውን እንጨት ያወርዱ ጀመር። እኔም በግቢው ውስጥ እየተመላለስሁ በጥበቤ ተደሰትሁ፤ ይህንንም መሰወር አይገባኝም።

በስምንት ሰዓት ገደማ መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው መጡና ምንም ሳይናገሩ ወደ ምሥራቅ አመለከቱኝ። ከገደሉ አፍ እንደ ማሰሮ እንፋሎት ያለ ነጭ ጉም ይወጣ ነበረ። «ጉም ነው፥ ይበተናል» አልኋቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጉሙ ደመና ሆነ፤ ደመናውም ጠቈረ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነጐድጓዱ ከራሳችን በላይ ነበረ። አናጢዎቹ መብረቁን ፈርተው ከመሰላሉ ወረዱ፤ ትክክል ሠርተዋል። ከዚያ በኋላ የባቄላ ፍሬ የሚያህል በረዶ፥ በረዶውንም ተከትሎ ዝናም ወረደ። ክዳን በሌለው ቤት ውስጥ ዝናም ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ከውጭው ልዩ ነው፤ ውሃው መውጫ አጥቶ ይጮኻል። ዲያቆናቱ ጋቢያቸውንና ነጠላቸውን እያወለቁ በሣጥኖቹ ላይ ጣሉ። ነጠላ ግን ሸራ አይደለም።

ስለዚያ ውሃ ብዛት በኋላ ተቀምጬ አስቤያለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ክብ ናት፤ ወርዷ ከጫፍ እስከ ጫፍ 16 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ስፋቷ 200 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ወርዶ ቢሆን፥ በቤቱ ውስጥ የፈሰሰው 4,000 ሊትር ነው፤ ይኸውም 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሃያ ጊዜ ሞልቶ እንደ መገልበጥ ነው። በዝናም መዝገብ ላይ ግን 20 ሚሊ ሜትር ትንሽ ቍጥር ነው፤ የወቅቱን ድምር ብዙም አያናውጠውም።

ጥፋቱን በአጭሩ እናገራለሁ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የሥዕል ሸማ ከላይኛው ጠርዝ ተላቀቀ። ከሁለቱ ሣጥኖች አንዱ መክደኛው የተሰነጠቀ ነበረና ውሃ ገባበት። በውስጡ የነበረው የብራና ተአምረ ማርያም ራሰ። ጥቁሩ ቀለም ብዙ አልተጐዳም። ቀዩ ቀለም ግን ለቀቀ። በዚህ መጽሐፍ የእመቤታችን ስም እንደ ልማዱ ሁሉ በቀይ ቀለም የተጻፈ ስለ ሆነ፥ ስሟ ባለበት ስፍራ ሁሉ ቀለሙ እንደ ደም ፈስሶ አየሁት። እኔ አሮጌ ሰው ነኝ፥ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም።

መሪጌታ መጽሐፉን ተቀብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። እርጥብ ብራና በፀሓይ ቢሰጣ ይኰማተራል፥ ይደርቃልም፤ ስለዚህ በጥላ ውስጥ፥ በየቅጠሉ መካከል ንጹሕ ጨርቅ እያስገቡ፥ ጨርቁንም ቀን በቀን እየለወጡ በትዕግሥት አደረቁት። እኔም ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ወደ ቤታቸው እየሄድሁ ጨርቅ አቀብል ነበረ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ብዙ አልተነጋገርንም።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ጥፋቱን በትንበያው ላይ ሊጥል ፈልጎ ነበረ። በየሠፈሩ ሰው ሲጠይቀኝ «ወረቀቱ አሳሳተን» ልል ቃጥቶኝ ነበረ። ነገር ግን አንድ ሌሊት ወረቀቶቹን ሁሉ አውጥቼ እንደገና አነበብሁ፤ ያን ጊዜ አራት ነገር ተገለጠልኝ። መጀመሪያ፥ የወቅቱ ዝናም ተደምሮ በታወቀ ጊዜ በእርግጥ ከመደበኛ በታች ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ትንበያው ትክክል ነበረ። ሁለተኛ፥ ከመቶ 45 የተባለው ዕድል ከሦስቱ ትልቁ ቢሆንም ቀሪው 55 በሌላው ወገን ነበረ፤ እኔ ግን 45ቱን እንደ መቶ ቈጠርሁት። ሦስተኛ፥ ወረቀቱ የተናገረው ስለ አራት ወር ድምርና ስለ ሰፊ አገር ነው፤ ስለ አንድ ከሰዓት በኋላና ስለ አንድ ክዳን አልተናገረም። የደረቀ ወቅት ማለት ዝናም የማይዘንምበት ወቅት ማለት አይደለም። አራተኛውና የከፋው ይህ ነው፤ ከግንቦት 21 በፊት የወጣ የዐሥር ቀን ትንበያ በእጄ ነበረ፥ በእርሱም ላይ በሰሜን ሸዋ ከፍተኛ ስፍራዎች ከቀትር በኋላ በአንዳንድ ቦታ ነጐድጓድ የቀላቀለ ዝናም እንደሚጠበቅ ተጽፏል። ይህን ወረቀት ሳላነብበው አጥፌ አስቀምጬው ነበረ፤ የማውቀውን ነገር ለምን እጠይቃለሁ ብዬ ነው። ወረቀቱ አልዋሸኝም፤ እኔ ያላለውን አስብዬዋለሁ።

ይህን ሁሉ በማግሥቱ ለመሪጌታ ነገርኋቸውና ይቅርታ ጠየቅሁ። በጉባኤው ፊት አሳፍሬያቸው ነበርና በጉባኤው ፊት ይቅርታ እንደምጠይቅም ነገርኋቸው። እርሳቸው ግን የብራናውን ቅጠል ሳይለቁ እንዲህ አሉኝ፤

«መምህር፥ እኔም የርስዎን ያህል የተማመንሁበት ቀን አለ። በ1976 ዓ.ም. በበልግ፥ ነፋሱን አይቼ፥ ደመናውንም አይቼ፥ ለታናሽ ወንድሜ ዝናሙ ቀርቧልና ዝራ አልሁት። በጐተራው የቀረችው የገብስ ዘር ብቻ ነበረች። ሰምቶኝ ዘራት። የመጣው ዝናም አንድ ቀን ብቻ ዘንሞ ቀረ፤ ቡቃያው ወጥቶ ደረቀ። በሬዎቹን ሸጠ፥ በኋላም ቤቱን ዘግቶ ተሰደደ። ታዲያ እኔ ከዚያ ወዲህ ምልክት ማየት አልተውሁም፤ ነው ማለትን ግን ትቻለሁ። የርስዎ ወረቀትም የእኔም ደመና ስለ ነገ ይናገራሉ እንጂ ነገን አያስሩትም። የሚታሰረው ሸራው ነው።»

እኔ ይህን ነገር በሰማሁ ጊዜ በጉባኤው ፊት ዝም ያሉት ስለ ተሸነፉ እንዳልነበረ አስተዋልሁ። ዝናሙ ይመጣል ብለው እንደ እኔ መማል አልቻሉም፤ የለመኑት ሸራው እንዲኖር ብቻ ነበረ። ከሁለታችን አለማወቁን በሒሳቡ ውስጥ ያስገባው ያልተማረ የመሰለኝ ሰው ነበረ።

ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ትንበያን የሚንቅ ቢኖር ነገሬን አልተረዳውም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 የሰላማዊ ውቅያኖስ ውሃ ሞቆ፥ ኤልኒኖ የሚባለው ነገር በበረታ ጊዜ፥ በብዙው የአገራችን ክፍል የክረምቱ ዝናም ጐደለ፤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን እንደ ሆነ ተነገረ። የውቅያኖሱ ሙቀት ከገበሬው ማሳ በሺህ የሚቈጠር ማይል ርቆ፥ ከችግሩም ወራት ቀድሞ የሚታይ ነገር ነው። በ1976 ዓ.ም. የመሪጌታ ወንድም ስለዚህ ዐይነቱ ነገር የሚነግረው ሰው አልነበረም። ዛሬ የሚነግረን ሳለ አለመስማት ድፍረት ነው። የተነገረውን ከተነገረው በላይ መስማትም እንዲሁ ድፍረት ነው።

ከካህናት ወገን ደግሞ የነገን ዝናም አስቀድሞ መመርመር በእግዚአብሔር ሥራ መግባት አይደለምን ብለው የሚጠይቁ አሉ። እኔ እንደ ተረዳሁት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ስለ ዝናም ዘወትር ትጸልያለች፤ መጸለይዋ ግን ገበሬው ሰማዩን እንዳያይ አልከለከለችውም። ጌታችን ፈሪሳውያንን የገሠጻቸው የሰማዩን ፊት መለየት በማወቃቸው አይደለም፥ የዘመኑን ምልክት ባለመለየታቸው ነው። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ራስ ላይ ስለ ዝናም በጸለየ ጊዜ፥ እርሱ በጕልበቱ ተደፍቶ ሳለ ብላቴናውን ወደ ባሕሩ እንዲመለከት ላከው። ብላቴናው አንድ ጊዜ አይቶ ምንም የለም ባለ ጊዜ ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ ሰባት ጊዜ ተመላልሶ አየ፥ በሰባተኛውም የሰው እጅ የምታህል ደመና አገኘ። ጸሎቱና መመልከቱ በአንድ ተራራ ላይ ነበሩ። የእኔ በደል መመልከቴ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ አይቼ ስድስቱን መተዌ ነበረ።

ስለዚህ ለደብር አስተዳዳሪዎች፥ ለሰበካ ጉባኤ አባሎችም፥ ሥራ ለሚያሠራም ሰው ሁሉ በጥፋቴ የገዛሁትን ምክር አቀርባለሁ። የወቅቱ ትንበያ በየትኛው ወር ሥራ እንደሚጀመርና ገንዘብ እንዴት እንደሚደለደል ለማሰብ ይጠቅማል። የዐሥር ቀኑ ትንበያ አናጢውን መቼ መጥራት እንደሚገባ ይነግራል። የዕለቱ ትንበያና የአገሩ ሽማግሌ ዐይን ደግሞ ዛሬ ስንት ቆርቆሮ ይነሣ ለሚለው ነገር ነው። አንዱን በሌላው ስፍራ መጠቀም፥ በዘንግ መለካት የሚገባውን በስንዝር፥ በስንዝርም የሚለካውን በዘንግ እንደ መለካት ነው። ከሦስቱም በኋላ ሸራው ይኑር። በግንቦት መጨረሻ ክዳን በሙሉ አይነሣ፤ በከፊል እየተነሣ በከፊል ይከደን። መጻሕፍት ግን ለአንዲት ሌሊትም ቢሆን ክዳን በሌለው ቤት አይደሩ።

በሰኔ መጀመሪያ ጉባኤው ተሰበሰበ። እኔም ቆሜ ጥፋቴን ተናገርሁ፥ መሪጌታንም ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ቃለ ጉባኤውንም በራሴ እጅ ጻፍሁት። ሸራው ተከራይቶ መጣ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ዘነመ፥ ሦስቱንም ጊዜ ሸራው ቻለው። አዲሱ ክዳን ሰኔ 18 ቀን አለቀ፤ ሰኔ 21 ቀንም ቅዳሴ ቤቷ በቤቷ ውስጥ ተከበረ። በቅዳሴው ሰዓት ዝናም ጣለ፥ በአዲሱም ቆርቆሮ ላይ ሲያንጐራጕር ሕዝቡ እርስ በርሱ እየተያየ ደስ አለው።

ለተአምረ ማርያሙ አንድ ቁም ጸሓፊ ተፈልጎ፥ የለቀቀውን ስም ሁሉ በቀይ ቀለም እንደገና ጻፈው። ዋጋውን ከጡረታዬ ከፈልሁ፤ ከሸራው ኪራይ ሦስት እጥፍ ነበረ። ቀለሙ ግን ከአሮጌው ጋራ አልተካከለም፤ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል። በኋላም ጉባኤው የራሱ ሸራ ገዛ። ሸራው ዛሬ በዕቃ ቤቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እኔም በየዓመቱ ከልደታ በዓል በኋላ አውጥቼ በግቢው ሣር ላይ እዘረጋዋለሁ፤ አይጥ በልቶት እንደ ሆነ፥ ገመዱም ላልቶ እንደ ሆነ እመለከታለሁ። ትንበያውንም አነብባለሁ፤ የዐሥር ቀኑንም ጭምር። ከዚያም ወደ ምሥራቅ ወጥቼ ከገደሉ አፍ ጉም ይነሣ እንደ ሆነ አያለሁ።

እግዚአብሔር አምላክ የዘንድሮውን ዝናም የበረከት ያድርግልን።